እትዬ ወርቅነሽን ቡዳ ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማኅበራችን ሰው አንድም ቀን ተናግሬው አላውቅም። ባሌ ታምራት ሳይሰማው አፈር ገባ። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ቀርቤ ጥፋቴን አንድ በአንድ ስዘረዝር እዚች ላይ ስደርስ እዘላት ነበር። ጾም ስለ መግደፌ አልቅሼ ተናዝዣለሁ። ሐሜት ስለ ማብዛቴ ተናዝዣለሁ። ሰው ስለ መግደሌ ግን፣ አዎ፣ ሰው በቁሙ ስለ መግደሌ ዝም ብያለሁ። ይህን የምታነቡ ሁሉ ካህን አይደላችሁም፤ ልትፈቱኝ አትችሉም። ምናልባት ለናንተ መናገር የደፈርኩት ለዚሁ ይሆናል።

ስሜ ሂሩት ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ፍራንክፈርት፣ ኒድ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከታምራትና ከሴት ልጃችን ከማርታ ጋር ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ማርታ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። በዚያው ፎቅ፣ በራችን ፊት ለፊት፣ እትዬ ወርቅነሽ ይኖሩ ነበር።

እትዬ ወርቅነሽ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በሱዳን በኩል ተሰድደው የመጡ ብቸኛ ሴት ነበሩ። ሁለት ልጆች ወልደው ሁለቱም በሕፃንነታቸው ሞተውባቸዋል። ማርታን ልወልድ ምጥ ሲይዘኝ ታምራት ሥራ ላይ ነበርና እጄን ይዘው ሆስፒታል ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ከወለድኩም በኋላ ገንፎውንም አጥሚቱንም እየሠሩ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ አጠገቤ ብትኖር ከዚህ በላይ ምን ታደርግልኝ ነበር?

በዚያ የአራስነቴ ወራት አንድ ቀን ማርታን ገላዋን አጥበው ሲያሻሿት፣ ቀና ሳይሉ አንድ ነገር ነገሩኝ።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ብረት ቀጥቅጦ ነው ያሳደገን። እኔ በመንገድ ሳልፍ የሰፈራችን ሴቶች ልጆቻቸውን ቀሚሳቸው ሥር ይደብቁ ነበር። ያንን ሸሽቼ ነው አገሬን ጥዬ አዲስ አበባ የገባሁት። ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ አንቺ ልጄ ስለሆንሽ ነው።»

«እኔ እንደዚህ ያለ ነገር አላምንም፣ እትዬ» አልኳቸው።

እውነቴን ነበር። ያኔም አላምንም፣ ዛሬም አላምንም። ይህን ልብ በሉልኝ። ሌሎቹ ቢያንስ አምነው፣ ፈርተው ነው ያደረጉት። እኔ ግን ሳላምን ነው ያደረግሁት።

ማርታ ዓመት ሲሞላት ዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ ባንሆፍስፊርቴል ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል የማጽዳት ሥራ አገኘሁ። ታምራት አልወደደውም። «ልጅቷ ትንሽ ትጠንክር፣ ከዚያ ትሠሪያለሽ» አለ። እኔ ግን ስደተኞች በሚቀመጡበት ሃይም ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን አጣጥፌ ግድግዳ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ ሥራ በዚህ አገር የኔ ነው የምለው የመጀመሪያው ነገር ነበር። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ «እንግዲያው ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። «እሺ፣ እኔ ነኝ» ብዬ መለስኩለት። ይህቺን ቃል በአፌ ተናግሬ በገዛ እጄ አንገቴ ላይ ያሰርኳት እኔው ነኝ።

ጠዋት ጠዋት ማርታን ለእትዬ ወርቅነሽ እየሰጠሁ ኤስ-ባን በሚሉት ባቡር ወደ ሥራዬ እሄድ ጀመር። ፕሮብሳይት የሚሉት የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም። በመሃል አንድ ቀን ቀርቼ ስለነበር ሼፊኗ፣ አለቃዬ፣ «ዳግመኛ ከቀረሽ እንዳትመለሺ» ብላኛለች።

የዚያን ሳምንት ታምራትን መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ልኮት ነበር። ሰኞ ከሥራ ስመለስ እትዬ ወርቅነሽ ማርታን አቅፈው በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ገላዋ እሳት ሆኗል። ጡጦውንም እንቢ ብላለች።»

«ጥርስ ነው፣ እትዬ። ጥርስ እያወጣች እኮ ነው።»

የትኩሳት መድኃኒት ሰጠኋት፤ በረድ አለላት። ማክሰኞ ጠዋት ግን አለቀቃትም። እትዬ ወርቅነሽ ከእጄ ሲቀበሏት ፊታቸው ተለወጠ።

«ሂሩት ልጄ፣ ይሄ የጥርስ አይደለም። አንገቷን ስነካት ትጮሃለች። ዛሬ ሥራሽ ይቅርና ሐኪም ጋ ውሰጃት።»

«ዛሬ አይሆንልኝም። ነገ እወስዳታለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ልውሰዳት።»

«በየትኛው ጀርመንኛዎ? የት ብለው? ደግሞስ የወለድኳት እኔ ነኝ፤ የእርስዎ ልጅ አይደለችም!»

ሁለት ልጅ ለቀበሩ ሴት ነው እንዲህ ያልኩት። ማርታን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ገቡ። ማታ ታምራት ሲደውል «ደህና ናት» አልኩት።

ረቡዕ ጠዋት ማርታ ዓይኗን መግለጥ ከበዳት። አየሁ። አላየሁም አልልም። እናት ልጇን ስታይ ታውቃለች። ታዲያ ለምን ሄድኩ? ሥራዬን ላለማጣት? ወይስ ሐኪም ቤት ከሄድኩ ታምራት ልክ እንደነበረ ማመኔ ስለሚሆን? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ሳገላብጠው ኖሬያለሁ፤ በየትኛውም በኩል ብገለብጠው ያው እኔኑ ያሳየኛል። እትዬ ወርቅነሽ የካፖርቴን እጅጌ ያዙ።

«በማርያም ይዤሻለሁ፣ ዛሬ አትሂጂ።»

እጅጌዬን አላቀቅሁና ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ።

ረፋዱ ላይ ሼፊኗ ስልክ ብላ ጠራችኝ። ማርታ እጅ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ዓይኗ ተገልብጦ ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ስልክ መደወል፣ አድራሻ መናገር አይችሉም። ልጅቷን ታቅፈው በባዶ እግራቸው ደረጃውን ወርደው ምድር ቤት የሚኖሩትን ጀርመናዊ ሽማግሌ በር በጡጫ ደበደቡ። «ኪንድ! ኪንድ! ቢተ!» ብቻ ነበር ያሉት። ልጅ፣ ልጅ፣ እባክዎ። ሽማግሌው አምቡላንስ ጠሩ። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረኝ ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ትሞት ነበር።

ማጅራት ገትር ነው አሉ። ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ጠየቀኝ፦ ትኩሳቱ የጀመራት መቼ ነው?

«ዛሬ ጠዋት» አልኩ።

የመጀመሪያዋ ውሸት ይህች ነች። አጭር ነበረች፤ ከአፌ ስትወጣ እንኳ አልከበደችኝም።

ማርታ ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን አልተረፈም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሩ በኃይል ሲዘጋ ዞር እንደማትል አየን። ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ ጆሮዋ ይተርፍ ነበር ብሎ የማለልኝ ሐኪም የለም። አይተርፍም ነበር ያለኝም የለም።

ታምራት ከሥልጠናው እየበረረ መጣ። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «ማክሰኞ ደውዬ ደህና ናት አላልሽኝም?» አለኝ።

«ደህና ነበረች። ረቡዕ ጠዋት ለእትዬ ወርቅነሽ ስሰጣት እኮ ትስቅ ነበር።»

ትስቅ ነበር አልኩ። ዓይኗን መግለጥ ያቃታትን ልጅ፣ ትስቅ ነበር አልኩ።

እትዬ ወርቅነሽ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ይጸልዩ ነበር። እውነቱን የሚያውቁት እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ለታምራት ግን ምንም አልነገሩትም። እኔን ለብቻዬ አግኝተው «ባልሽ ነው፤ አንቺው ብትነግሪው ይሻላል። እኔ በመሃላችሁ አልገባም» አሉኝ። ለኔ አዝነው ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን ጠላኋቸው። ቢጮኹብኝ፣ ቢሰድቡኝ እችለው ነበር። ያ ዝምታቸው ግን ነገ ከነገ ወዲያ የሚከፈት በር ሆኖ ታየኝ። ደረጃ ላይ ባየኋቸው ቁጥር ተመልሼ እገባ ጀመር። ሲያስሉ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። በራቸው ሲከፈት ትንፋሼን እይዛለሁ። ዛሬ ይነግሩት ይሆን? አሁን ከታምራት ጋር ምን እያወሩ ነው? ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ማርታ ከሆስፒታል እንደወጣች በለጡ ልትጠይቀን መጣች። በለጡ የማኅበራችን ሴት ናት፤ ሰምታ የምታሳድር አይደለችም፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ልጅቷን አገላብጣ አየቻትና «ስትስቅ የነበረች ልጅ በግማሽ ቀን? ማን ጋ ነበረች?» አለችኝ።

«እትዬ ወርቅነሽ ጋ።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የሴትዮዋ ዘር ከወዴት ነው?» አለች።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ነች። ሻዬን ፉት አልኩና ብርጭቆውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ። የምናገረውን አውቄ፣ ምን እንደሚያመጣም አውቄ፣ ተናገርኩ።

«አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ ብለውኛል።»

በለጡ አፏን በእጇ ያዘች። ቡዳ የሚለውን ቃል እኔ አልተናገርኩትም። ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ አንድም ጊዜ ከአፌ አልወጣም። ለዓመታት የተደበቅሁት እዚህች ጉድጓድ ውስጥ ነው፦ እኔ አላልኩም፣ በለጡ ናት ያለችው። ግን እንጨቱን አቀብዬ እሳቱን የለኮስኩት እኔ አይደለሁም ማለት ይቻላል?

ወሬው አንድ ወር አልፈጀበትም። መጀመሪያ «እትዬ» የሚለው ቃል ከስማቸው ላይ ወደቀ። ወርቅነሽ ተባሉ። ከዚያ ያቺ ሴትዮ ተባሉ። እሳቸው ጋ ልጅ ያስቀምጡ የነበሩ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ወሰዱ። ቅዳሴ ላይ አጠገባቸው ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። የገረመኝ ግን የሰው ሁሉ የየራሱን ይዞ መምጣት ነው። ፅንስ የጨነገፈባት ሴት ሆዴን ተመልክተውኝ ነበር አለች። የጥገኝነት ማመልከቻው ውድቅ የሆነበት ሰው ያን ቀን ጠዋት መንገድ ላይ ሰላም ብለውት እንደነበር ትዝ አለው። ትዳሯ የፈረሰባት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ሁሉም ሐዘኑን የሚያራግፍበት አንድ ትከሻ አገኘ። በለጡ ራሷ ከእትዬ ወርቅነሽ ጋር በድግስ ምግብ ምክንያት የቆየ ቂም ነበራት። ታምራትስ? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ፣ እንደዚህ ያለውን ነገር ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ሲከራከር የኖረ ሰው፣ «እኔ አላምንበትም፤ ግን ልጄን አጠገቧ እንዳላይ» አለ። የልጁ ጆሮ ለምን እንደጠፋ አንድ ምክንያት ያስፈልገው ነበር። እኔ ደግሞ ሌላውን ምክንያት ደብቄበታለሁ።

ሽማግሌ ይሰየም ያሉት እትዬ ወርቅነሽ ራሳቸው ናቸው። ቄሱ ጋ ሄደው «ስሜ ጠፋ፤ ፍረዱኝ» አሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጀርመኖች ደብር በምንከራየው አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዋናው አቶ ዘውዴ የሚባሉ የቀድሞ አስተማሪ ነበሩ። እኔና ታምራት በአንድ ወገን፣ እትዬ ወርቅነሽ ብቻቸውን በሌላው ወገን ተቀመጥን። በለጡና ሌሎች ሴቶች ከኋላ ነበሩ።

እትዬ ወርቅነሽ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተናገሩ።

«ስለ አባቴ የተወራው እውነት ነው። ቀጥቃጭ ነበር፤ አልክድም፣ አላፍርበትምም። አባቶቻችሁ ያረሱበትን ማረሻ ማን የሠራው መሰላችሁ? ልጅቷን ግን እኔ አልበላኋትም። ሰኞ አሟታል ብዬ ለሂሩት ነገርኳት። ማክሰኞ ሐኪም ጋ ውሰጃት አልኳት። ረቡዕ በማርያም ለመንኳት። ይኸው እዚህ አለች፣ ትናገር።»

አቶ ዘውዴ ወደኔ ዞሩ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገሩ እንዲበርድ ይፈልጉ እንደነበር ከፊታቸው ያስታውቃል።

«ሂሩት፣ ልጄ፣ አትፍሪ። እትዬ ወርቅነሽ ሐኪም ጋ ውሰጃት ብለውሽ ነበር ወይ?»

ታምራት አጠገቤ ነበር። ጉልበቱ ጉልበቴን ይነካኛል። ወደኔ ዞሮ ሲያየኝ ተሰማኝ። አዎ ብል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ልጄን ለትኩሳት ትቼ አልጋ ሳነጥፍ እንደዋልኩ፣ ለባሌ እንደዋሸሁ፣ ለሐኪሙ እንደዋሸሁ፣ ሁሉም በዚያች አንዲት ቃል ይወጣል። እሳቸው ቡዳ ከሆኑ ግን ቃላቸው ቃል አይደለም። የዚያን ጊዜ ነው ለምን እንደጀመርኩት የገባኝ። እዚያው፣ ወንበሩ ላይ። ከገባኝ በኋላም አላቆምኩም።

«አላሉኝም» አልኩ።

«አልሰማንሽም፤ ትንሽ ጎላ አድርጊው» አሉ አቶ ዘውዴ።

«ምንም አላሉኝም።»

ሁለት ጊዜ ካድኳቸው። እትዬ ወርቅነሽ አልጮኹም፤ አልረገሙኝም። ትክ ብለው ሲያዩኝ ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ ዓይኗን!» ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ዓይናቸውን ሰበሩ፤ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ድረስ ስበው በበሩ ወጡ። ሽማግሌዎቹ ሁለታችንንም በሰላም ኑሩ ብለው ተበተኑ። ምን ሰላም!

እትዬ ወርቅነሽ ጥቂት ወራት ቆይተው ኒድን ለቀቁ። የማይንን ወንዝ ተሻግረው ሽቫንሃይም የሚባል ሰፈር እንደገቡ ሰማሁ። ዕቃቸውን ያወጡላቸው ምድር ቤት የሚኖሩት ጀርመናዊ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። እኔ ከመጋረጃዬ ጀርባ ቆሜ አያለሁ። የቀለለኝ መስሎኝ ነበር።

ማርታ አምስት ዓመት ሲሞላት ባንሆፍስፊርቴል ካለ የሐበሻ ሱቅ በርበሬና ምስር ልገዛ ይዣት ገባሁ። ጆሮዋ ላይ መስሚያ አድርጋለች፤ ብዙም አይረዳትም። እጄን ለቅቃ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሮጠች። ስከተላት እትዬ ወርቅነሽን አየሁ። ሸብተዋል፣ ከስተዋል። ማርታ እግራቸው ሥር ደርሳ ቀና ብላ ሳቀችላቸው። በእጃቸው ያጠቧት፣ በእጃቸው ያዳኗት ልጅ ናት። እሳቸው ግን በድንጋጤ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ በመዳፋቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

«የማን ልጅ ናት? ያዟት፣ ያዟት» አሉ። «እኔ አላየኋትም።»

የማን እንደሆነች አላወቁም። በዚያ ከተማ የትኛውንም ልጅ ላለማየት ራሳቸውን አስለምደው ነበር። ያንን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ማርታን አፈፍ አድርጌ፣ የያዝኩትን ሁሉ እዚያው ጥዬ፣ ስማቸውን እንኳ ሳልጠራ ወጣሁ። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሮጥኩ። ከማን ነበር የምሮጠው?

ዓመታት አለፉ። ታምራት በልብ ሕመም ሞተ፤ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው እንኳ እጁን ይዤ ዝም አልኩት። ማርታ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ሆኖ፣ መስማት የተሳናቸው በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሳለች፣ አንድ ቀን የቤት ሥራዋን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ወደ አሜሪካ ተሻግረው የሰፈሩ ጥብቅ ሃይማኖተኞች ጎረቤቶቻቸውን ጠንቋይ ናችሁ እያሉ ስለ መክሰሳቸው ነበር የሚማሩት። ከንፈሬን እያነበበች በጀርመንኛዋ ጠየቀችኝ።

«ማማ፣ አልገባኝም። እነዚህ ሰዎች እኮ ይተዋወቃሉ። አብረው ይጸልያሉ፣ አንዷ ሌላዋን ታዋልዳለች። እንዴት በጎረቤታቸው ላይ?»

ስለሚተዋወቁ ነዋ፣ ልጄ። ባዕድ ሰውማ ምን ያውቅብናል? እኛን የሚያስፈራን ጓዳችንን ያየው ነው፤ ለምኖን ያስቀየምነው፣ ውለታውን መክፈል ያቃተን፣ ጥፋታችንን በዓይኑ ያየው። ይህን ሁሉ በልቤ አልኩ። በአፌ «እንጃ፣ አስተማሪሽን ጠይቂ» አልኳት።

በሳምንቱ ሽቫንሃይም ሄድኩ። አድራሻቸውን ከቄሱ አገኘሁ፤ ከከተማው ጫካ አጠገብ ያለ ቤት ነው። በሩን ከፈቱ። ወዲያው አወቁኝ። ግቢ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ኮሪደሩ ላይ በጉልበቴ ወድቄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጥርስ ነው ማለቴን፣ ለሐኪሙ የዋሸሁትን፣ የበለጡን ጥያቄ፣ አዳራሹን። እስክጨርስ በሩን ይዘው ቆሙ።

«ይህንንማ አውቀዋለሁ፤ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ። «ለነሱ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ለልጅቷስ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«እንግዲያው ተነሺ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል» አሉኝና በሩን ዘጉት። በኃይል አይደለም፤ ቀስ ብለው ነው የዘጉት።

ለማርታ በአፌ ልነግራት አልቻልኩም። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩና ጠረጴዛው ላይ አደረግሁላት። እፊቴ አነበበችው። አላለቀሰችም። መስሚያዎቿን አወለቀች፤ እንዳላናግራት ስትፈልግ የምታደርገው ነው። ከዚያ በወረቀቱ ጀርባ አንድ መስመር ጻፈችልኝ፦ የት ነው የሚኖሩት?

አድራሻውን ጻፍኩላት። ጃኬቷን አንሥታ ሄደች። ስትመለስ መሽቶ ነበር፤ የተባባሉትን አልነገረችኝም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሽቫንሃይም ትሄዳለች። እትዬ ወርቅነሽ ጀርመንኛቸው ያው ነው፤ ማርታ አማርኛ አትሰማም። እንዴት እንደሚግባቡ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ስልኳ ላይ ፎቶ አየሁ፤ ሳታሳየኝ፣ በድንገት። እትዬ ወርቅነሽ ማርታን አገጯን ይዘው ፊቷን ትክ ብለው ያዩዋታል።

ይህን የጻፍኩት «ለነሱ ነገርሻቸው?» ስላሉኝ ነው። በዚያ አዳራሽ የነበራችሁ፣ በሕይወት ያላችሁ፣ ስሙኝ፤ ያልነበራችሁም ስሙ። ሦስት ቀን ለምነውኛል። ወጣት ነበርሽ፣ ስደተኛ ነበርሽ፣ ፈርተሽ ነበር የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። እኔ አልልም። እሳቸውም ስደተኛ ነበሩ፤ እሳቸውም ፈርተው ነበር፤ በባዶ እግራቸው ግን ደረጃውን ወርደዋል። ቅዳሜ ማርታ ስትወጣ እስከ በሩ እሸኛታለሁ። ነይ ብላኝ አታውቅም። እንድትለኝም አልጠይቃትም።